ከሁለት ልጆች ጋር ዲንሾ ላይ ድንኳን፤ ምን እንያዝ?

ካዛንቺስ04፦
ሰላም ለሁላችሁ። በታኅሣሥ አጋማሽ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ዲንሾ ላይ ሦስት ሌሊት ልናድር አስበናል። እኔና ባለቤቴ፣ የ6 እና የ10 ዓመት ልጆች፤ መኪናችን አውቶሞቢል ናት። አንዱን ሌሊት ፓርኩ ውስጥ ያለው ከፍተኛ አምባ፣ ሰነቲ ላይ ማደር ይቻላል? ጾም ስለሆነ ምግቡስ? ውሻችንን ብንወስደውስ?

ጅብራ፦
ውሻውን እቤት ተዉት። ባሌ ውስጥ ቀይ ቀበሮን በተደጋጋሚ የፈጀው ከውሻ የሚዛመተው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ሰነቲም ከልጆች ጋር ማደሪያ አይደለም። ዲንሾ ወደ 3,100 ሜትር ነው፤ ሰነቲ 4,000ን ያልፋል፣ እዚያ ያለው ቱሉ ዲምቱ ተራራ ደግሞ 4,377 ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ሰውነታችን ትንሽ ለምዷል፤ ለሰነቲ ግን አይበቃም። ሁለት ሌሊት ዲንሾ አድራችሁ በሦስተኛው ቀን አይታችሁት ተመለሱ። እስከ ጎባ አስፋልት ነው፤ ከዚያ በላይ ጠጠርና ዳገት ስለሆነ ለአውቶሞቢል አልመክርም። ትንሽ ልጅ «ራሴን አመመኝ» ላይል ይችላል። ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስመለሰው ወይም ያለወትሮው ከተነጫነጨ ከፍታው ነው ብላችሁ ቶሎ ውረዱ፤ ማስታገሻ ሰጥቶ እዚያው ማሳደር አደጋ አለው።

ስለ ብርዱ። ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ውርጭ ነው። ብዙ ሰው ከላይ ብርድ ልብስ ይደራርብና ከሥር ቀጭን ምንጣፍ ያነጥፋል፤ ሙቀቱን የሚመጥጠው ግን መሬቱ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ፣ ከሥሩ ሸራ (መርካቶ ተለክቶ ይቆረጥላችኋል)። በአየር የሚነፋው ፍራሽ ውስጡ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ ብቻውን አይረባም። ድንኳኑን ጎድጓዳ ሜዳ ላይ አትትከሉ፤ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደዚያ ይወርዳል። መተንፈሻውንም አትዝጉ፤ የአራት ሰው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ንጋት ላይ ይንጠባጠብባችኋል።

ከሰል ግን ድንኳን ውስጥ በፍጹም! ጭሱ ቢያልቅም ፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል፤ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ይገድላል።

የሽሮ ድስት፦
ለጾሙ ቀላል ነው፤ ችግሩ ምስር ነው። ዲንሾ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ቶሎ አይበስልም፣ ነዳጅ ይጨርሳል። እዚህ ቀቅላችሁት ውሰዱ፣ ወይም በሽሮ፣ በበሶና በቂንጬ ተወጡት። ለመጨረሻው ቀን ከእንጀራ ድርቆሽ ይሻላል፤ አይሻግትም፣ ፍርፍሩም በአምስት ደቂቃ ይደርሳል።

ትንሿ የቡቴን ጋዝ ጠዋት እምቢ ትላለች፤ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ በደንብ አይተንም። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ አሳድሯት፣ ወይም የነጭ ጋዝ ምድጃ ያዙ። የጅረት ውሃ ከሆነ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ አቆዩት።

ካዛንቺስ04፦
እግዜር ይስጥልን። እንጨት እዚያው ለቅመን እሳት ማንደድስ?

ጅብራ፦
አይፈቀድም፣ ደረቅ ቢመስልም። አስታ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ በበጋ ደግሞ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። እሳት የሚፈቀድበት ቦታ ካለ ስካውቱን (የፓርኩን ጠባቂ) ጠይቁ፣ ባሕር ዛፍ ከከተማ ገዝታችሁ ግቡ።

የሽሮ ድስት፦
ቆሻሻውንም ጨምሩበት። ሁለት ጠንካራ ማዳበሪያ ያዙ፣ የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀር ይዛችሁ ተመለሱ፤ ዲንሾ ያሉት ከርከሮዎች ከለመዱ ድንኳን ይፈትሻሉ። መጸዳጃ ቤቱ ርቆ ልጅ ከቸኮለ ከጅረት 100 እርምጃ ርቃችሁ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩ። እርጥብ ሶፍት ግን አይበሰብስም፤ እሱ ወደ ማዳበሪያው።