ኮሪያማ ገብተናል፤ የግቢያችንን ጨረር እንዴት ልለካ?

ጥያቄ (የሦስት ዓመት ልጅ እናት)
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ጃፓን ኮሪያማ ውስጥ ሥራ አግኝቶ ባለፈው ወር ገባን። እ.ኤ.አ. በ2011 አደጋ ከደረሰበት ከፉኩሺማ ዳይቺ የኑክሌር ጣቢያ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ጋይገር የሚባል የጨረር መለኪያ ገዛሁ። ቁጥሩ ግን አልረጋ አለኝ። ጠረጴዛ ላይ ሆኖ በሰዓት 0.06 ማይክሮ ሲቨርት (የጨረር መጠን መስፈሪያ) ይላል፤ ሻይ ቀድቼ ስመለስ 0.13። የቱን ልመን? ግቢ ውስጥስ የት የት ልለካ? ልጄ አፈር ላይ ነው የምትውለው። እባካችሁ።

መልስ (የጨረር ቴክኒሽያን)
አይዞሽ እህቴ፣ መለኪያሽ አልተበላሸም። ጨረር እንደ ካፊያ ነው፤ አንዴ ጠብ ጠብ ይላል፣ አንዴ ዝም። የትንንሾቹ መለኪያዎች ቱቦ በደቂቃ 20 ገደማ የጨረር ጠብታ ቢቆጥር ነው። በ20 ቆጠራ ቁጥሩ ከ20 በመቶ በላይ ሊዋዥቅ ይችላል። አሥር ደቂቃ ጠብቀሽ 200 ከሞላ ግን መዋዠቁ ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ አስቀምጪው፣ ሥራሽን ሥሪ፣ ከዚያ አማካዩን ጻፊ።

ስትለኪ በስስ ላስቲክ ጠቅልዪው፤ አፈር እንዳይነካው። አንዴ ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር፣ አንዴ 50 ሴንቲ ሜትር፣ አንዴ 1 ሜትር ላይ ያዢው። ሃምሳው የልጅሽ ወገብ አካባቢ ስለሆነ ነው።

0.23 የሚባል ቁጥር ትሰሚያለሽ። ጃፓን የተበከለ ቦታ ለማጽዳት የያዘችው መነሻ ነው። ሰው በቀን 8 ሰዓት ውጭ፣ 16 ሰዓት የእንጨት ቤት ውስጥ ቢሆን፣ ከአደጋው የሚደርሰው ተጨማሪ ጨረር በዓመት 1 ሚሊ ሲቨርት (1,000 ማይክሮ ሲቨርት) እንዳያልፍ ተብሎ የተሰላ ነው። ከ0.23ቱ ውስጥ 0.04 ድሮም የነበረው የተፈጥሮ ጨረር ነው።

መልስ (ያኔ ካሺዋ የነበርኩ)
እኔ በ2011 ቺባ ክፍለ ሀገር፣ ካሺዋ ነበርኩ። ከጣቢያው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ እንርቃለን፣ ማንም አላሰበንም። መጋቢት መጨረሻ ላይ የጣለው ዝናብ ግን ሲዚየሙን፣ ከጣቢያው የወጣውን ጨረር የሚረጭ ንጥረ ነገር፣ ይዞብን ወረደ። ጎረቤቶቼ ደብተር ይዘው መናፈሻ ለመናፈሻ ዞሩ። የመናፈሻው መሃል ደህና ነው፤ ሁለት እርምጃ አልፈሽ አሸንዳው ሥር ስትደርሺ መለኪያው ይጮሃል። ሲዚየም ከጭቃ ጋር ይጣበቃል፣ ውኃ የሚወስደውም ውኃው በሚቆምበት ይከማቻል። አንቺም ከዚያ ጀምሪ፤ ከአሸንዳ ሥር፣ ከቦይ ጫፍ፣ አረንጓዴ ከለበሰው አስፋልት ዳር፣ ከዳገት ግርጌ።

ሴፍካስት የተባሉ በጎ ፈቃደኞችም ያኔ ነው የተነሡት። መለኪያውን ከጂፒኤስ ጋር ሳጥን ውስጥ ከትተው መኪና መስኮት ላይ ያንጠለጥላሉ፤ በየ5 ሴኮንዱ ይመዘግባል። ካርታቸው ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሰፈርሽን መንገድ እዪበት።

ደግሞ ቁጥር ከፍ ሲል ወዲያው ከፉኩሺማ ነው አትበዪ። በ2011 ጥቅምት ቶኪዮ ሴታጋያ ውስጥ ነዋሪዎች መንገድ ዳር ከፍተኛ ጨረር አገኙ። ሲጣራ ከአንድ አሮጌ ቤት ወለል ሥር የተረሱ የራዲየም (ይህም ጨረር የሚረጭ ንጥረ ነገር ነው) ጠርሙሶች ነበሩ። ማንም ባይለካ እዚያው ይቀሩ ነበር።

መልስ (የኢዋኪ እናት)
ምግብ ላይ ያንን መለኪያ አትደግኚበት፤ አያሳይሽም። በእርሳስ የተከለለ ማሽን ያስፈልጋል። እኛ ከተማ፣ ፉኩሺማ ክፍለ ሀገር ኢዋኪ፣ እናቶች በ2011 ታራቺኔ የሚባል ላቦራቶሪ ከፍተዋል፤ ምግብም አፈርም ይመረምራሉ። ከ2012 ጀምሮ ለተራ ምግብ የሲዚየም ወሰኑ በኪሎ 100 ቤኬሬል (ምግቡ ውስጥ ያለው የሲዚየም መስፈሪያ) ነው፣ ለወተትና ለሕፃናት ምግብ 50። የገበያውን እኔ ሳልፈራ እገዛለሁ። ጎረቤት ከጫካ ለቅሞ የሚሰጥሽን እንጉዳይና የከርከሮ ሥጋ ግን ሳይመረመር ለልጅሽ አትስጪ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሥር አሥር ደቂቃ ጠብቄ ለካሁ። ሳሎን 0.07፣ የምትጫወትበት ቦታ 0.09። ከጓሮው አሸንዳ ሥር ግን 5 ሴንቲ ሜትር ላይ 0.38፣ 1 ሜትር ላይ 0.12። ልቆፍረው?

መልስ (የጨረር ቴክኒሽያን)
አትቆፍሪው፣ ደረቁንም አትጥረጊው፤ አቧራው ይነሳል። ጠባብ ቦታ ስለሆነ ነው ከፍ ስትዪ የቀነሰው። ልጅቷ እንዳትደርስበት ከልዪው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውንና የመለኪያውን ዓይነት ጽፈሽ፣ ፎቶ አንስተሽ ለአከራይሽና ለከተማው አስተዳደር ስጪ። ከከባድ ዝናብ በኋላ እዚያው ላይ ድገሚው፤ ቁጥሩንም ጻፊልን።