የአርቪያችን (እንደ ቤት የምንኖርበት መኪና) መሰኪያ ቀለጠ፣ ምን ላድርግ?

ወገኖች፣ እስቲ አንድ በሉኝ። ከአትላንታ ተነስተን በስድስት አርቪ ተከታትለን የደቡብ ታሪካዊ ከተሞችን እየዞርን ነው። በ1565 የተቆረቆረችውን ሴንት ኦገስቲንን አይተን አሁን ሳቫና ነን። አደባባዮቿን በእግር ስንዞር እናቴ ከዛፎቹ የተንጠለጠለውን ሽበት መሳይ ተክል አይታ «ዛፉ ሁሉ ጢሙን አንዠርግጎ!» እያለች ስትስቅ ዋለች።

ማታ ግን ጉድ ፈላ። ኤሲውን ስከፍት ብሬከሩ ጧ ብሎ ይወርዳል። አርቪውን ከካምፑ የመብራት ሳጥን ጋር የሚያገናኘውን ባለ 30 አምፔር ገመድ ስነቅለው አንዱ የመሰኪያ ጥርስ ጠቁሯል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ቀልጧል። ሽታው አሁንም አልለቀቀም።

ነገ ጠዋት ቡድኑ ወደ ቻርለስተን ይነሳል። መሰኪያውን ብቻ ልቀይር ወይስ ገመዱን በሙሉ? ወይስ ጥፋቱ የካምፑ ሳጥን ይሆን? የደረሰበት ካለ ቶሎ ይንገረኝ፤ እናቴ በሙቀቱ እንቅልፍ አልወሰዳትም።