የእናቶችና ሕፃናት የቤት ለቤት ጉብኝት ለውጥ ማምጣቱን በምን እንለካ? (ድሬዳዋ)

የሳቢያኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ከተማ ውስጥ ነፍሰ ጡርና አራስ እናቶችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚያማክር ፕሮጀክት ሁለት ዓመት ሊደፍን ነው። በእጃችን ያለው የጉብኝት ብዛት ብቻ ነው፤ ለጋሹ ግን "ምን ተለወጠ?" ይላል። ያልተጎበኙ ቀበሌዎችን ማነጻጸሪያ ላድርግ? ስንት እናት ይበቃል? ጎብኚዎቹ ራሳቸው ቢጠይቁስ? ቤቱን ያውቁታል።

ናሙና፦
ከመጨረሻው ልጀምር፤ ጎብኚዋ አትጠይቅ። "ውሃ እንዳትሰጪው" እያለች የከረመች ሴት መጥታ "ውሃ ሰጥተሽዋል?" ብትል መልሱ የታወቀ ነው።

በቀበሌ አታነጻጽሪ። የከተማው ቀበሌ 9 ብቻ ነው፤ ከዚራና ገንደ ቆሬ የሚባሉት ሰፈሮች ደግሞ በኑሮ አይገናኙም። ልዩነት ቢታይ የጉብኝቱ ይሁን የሰፈሩ አይለይም። ወደ ቀጠና (ቀበሌው ውስጥ ወዳሉት ትንንሽ ክፍሎች) ውረጂ። ገና ያልተጀመረባቸው ካሉ መግቢያቸውን በዕጣ አውጪ፤ ተራ የሚጠብቁት ማነጻጸሪያ ይሆኑሻል።

ቁጥሩ፦ ጡት ብቻ የሚጠቡ ሕፃናት ከ50 ወደ 65 በመቶ ማደጋቸውን ለማየት፣ በተለመደው 95 በመቶ መተማመኛና 80 በመቶ አቅም (ለውጡ በእውነት ካለ የማየት ዕድል)፣ በየወገኑ፣ ማለትም ከሚጎበኙትም ተራ ከሚጠብቁትም፣ 167 እናት ያስፈልጋል። ይህ ግን የአንድ ቀጠና እናቶች እንደሚመሳሰሉ ይረሳል። ከቀጠና 15 እናት ወስደሽ መመሳሰሉ (0 ማለት ምንም፣ 1 ማለት ፍጹም አንድ ዓይነት) 0.05 ቢሆን በ1.7 ታባዣለሽ፤ 284። ከአስር አንዷ አትገኝም ብለሽ 316፣ ማለትም በየወገኑ ወደ 21 ቀጠና። ስድስት ቀጠና ይዘሽ ከያንዳንዱ 50 እናት ብትጠይቂ አያድንሽም፤ የሚመሳሰሉትን ነው የምታበዢው።

የመስክ ሰው፦
ስሌቱ ልክ ነው፤ ሥራው የሚበላሸው ግን በር ላይ ነው። ብዙ እናት ለመታረስ ወላጆቿ ቤት ትሄዳለች። ጎብኚዋ ዝግ በር አንኳኩታ "የለችም" ብላ ትመለሳለች። መዝገቡ "ለአራስነት ሄዳለች"፣ "ሰፈር ለቃለች"፣ "እምቢ ብላለች" የሚሉትን ይለይ። ስሌት ላይም በመጀመሪያ የተመዘገቡት ሁሉ ይግቡ፤ የተገኙትን ብቻ ከቆጠራችሁ ቀድሞም ምክር የሚሰሙት ብቻ ይቀሩና ውጤቱ ያምራል።

የጉብኝት ብዛት ያታልላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት፣ ከ7 እስከ 14 ቀንና በስድስተኛው ሳምንት ክትትል ይመክራል። አራቱም ጉብኝት አምስተኛው ሳምንት ላይ ቢታጨቁ ሪፖርቱ ላይ ያው "አራት" ነው። የወሊድና የጉብኝት ቀን ጎን ለጎን ይጻፍ።

"ጡት ብቻ ነው የምታጠቢው?" ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። ትናንት ቀንና ሌሊት የቀመሰውን አንድ በአንድ ጥሩላት፦ ውሃ፣ ስኳር ያለው ውሃ፣ አብሽ፣ የላም ወይም የፍየል ወተት። በድሬ ሙቀት አንድ ማንኪያ ውሃ ማንም እንደ ምግብ አይቆጥረውም፤ ካልተጠራ አይነገርም። ሐኪም ያዘዘው ሽሮፕና ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠው በውሃ የሚበጠበጥ ንጥረ ነገር) ግን ከ"ጡት ብቻ" አያስወጡም። የኦሮምኛውና የሶማሊኛው ጥያቄም አስቀድሞ በወረቀት ይተርጎም፤ ደጃፍ ላይ ጠያቂው ሁሉ በየራሱ ከተረጎመው ጥያቄው አንድ መሆኑ ይቀራል።

የሳቢያኗ፦
ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊት መነሻ ጥናት አልተሠራም። እናቶቹ የቀድሞውን አስታውሰው ቢነግሩንስ?

ናሙና፦
የዛሬ ሁለት ዓመት ያጠባችውን ማን ያስታውሳል አቦ! የክትባት ካርድ ግን ቀን አለው። ፔንታ (አምስት በሽታ የሚከላከለው የሕፃናት ክትባት) በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። ከፕሮጀክቱ በፊትና በኋላ የተወለዱትን ለይተሽ፣ ሦስተኛውን ስንቱ በጊዜው እንደወሰደ በሁለቱም ወገን ቀጠናዎች አስይ። ካርድ ከጠፋ ከጤና ጣቢያው የክትባት መዝገብ ይፈለግ፤ "ተከትቧል" የሚለውን የቃል መልስ ለብቻው አስቀምጪው እንጂ ከካርዱ ጋር አትደምሪው።