ጀልባው ጋራዥ ከገባ ወዲህ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ። ባለ 24 ሊትሩ ተነቃይ ታንክ ጀልባው ላይ እንዳለ ነው። ጣሪያው ሥር መስኮት አለ፤ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም ወዳጄ። የቤንዚን ትነት ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል እንጂ ወደ መስኮቱ አይወጣም። ከግድግዳው ግርጌ፣ ፊት ለፊትና ከኋላ፣ ቀዳዳ ይኑር። ታንኩን ግን ቱቦውን ነቅለህ ደጅ፣ ጥላ ሥር አውጣው፤ የክዳኑን የአየር ብሎን አጥብቅ። አፍ እስከ ገደፉ አትሙላው፣ ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል።

መልስ፦ ቱቦው ላይ ያለችውን የጎማ ፓምፕ በጨርቅ ጥረጋት። ጨርቁ ከረጠበ ተሰንጥቃለች፣ ቀይራት። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ ደጅ ላይ፣ ማቀዝቀዣ ውኃ እየገባለት፣ ቱቦው ተነቅሎ ራሱ እስኪጠፋ ይሥራ።

መልስ፦ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። ቻርጀርና ፍሪጅ እዚያ አይሰካ። ሽታ ካለ አምፖል አታብራም አታጥፋምም፤ በሩን ከፍተህ ራቅ በል። የቡናውን ከሰልማ ጭራሽ!