የልጅነት ሥቃይ ከዓመታት በኋላ በደም ምርመራ ሊታይ ይችላልን?

ጥያቄ፦
ያደግሁት ድብደባና ጩኸት በማይለየው ቤት ውስጥ ነው። አሁን 41 ዓመቴ ቢሆንም በር በኃይል ሲዘጋ ልቤ ይደነግጣል፣ መዳፌም በላብ ይረጥባል። በቅርቡ በተደረገልኝ የደም ምርመራ ሲአርፒ የተባለው የብግነት (ሰውነት ለጉዳት ወይም ለጀርም የሚሰጠው የመከላከል ምላሽ) ጠቋሚ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ሐኪሙ ግን ኢንፌክሽን አላገኘብኝም። ያለፈው ሕይወቴ ከዚህ ጋር ሊገናኝ ይችላልን?

መልስ 1፦
ሊገናኝ ይችላል። ሕፃን ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል፤ ከኮርቲሶል ሥራዎች አንዱም ብግነትን መግታት ነው። ፍርሃቱ ለዓመታት ሲደጋገም ግን የመከላከያ ሕዋሳት ለዚህ ሆርሞን የሚሰጡት ምላሽ እየደከመ ሊሄድ ስለሚችል፣ ቁስልም ሆነ ጀርም በሌለበት ዝቅተኛ ብግነት ሳያቋርጥ ይቀጥላል፤ ይህም በጊዜ ብዛት የደም ሥርን ግድግዳ ይጎዳል፣ የኢንሱሊንንም ሥራ ያውካል። በኒውዚላንድ ዳኒደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ ሰዎችን የተከታተለው ጥናት፣ በልጅነታቸው በደል የደረሰባቸው ሰዎች በ32 ዓመታቸው ከፍ ያለ ሲአርፒ የመታየቱ ዕድል ከሌሎቹ የበለጠ እንደነበር አሳይቷል።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ሲአርፒ በውፍረት፣ በሲጋራና በድድ ሕመምም ከፍ ስለሚል፣ ምክንያቱን ለልጅነትዎ ብቻ ከመስጠትዎ በፊት ከሁለት ሳምንት በኋላ ምርመራውን ያስደግሙ። የልጅነት ታሪክዎንም ለሐኪምዎ ሳይሸሽጉ ይንገሩ፤ ብዙ ሐኪሞች ካልተነገራቸው አይጠይቁምና።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ልጅነቴ ለሐኪም ነግሬ አላውቅም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮዬ እነግረዋለሁ።

መልስ 3፦
ስለ በሩ የጻፉት እኔንም ነክቶኛል። ለእንዲህ ያለ ድንጋጤ የሥነ ልቦና ሕክምና ስላለ፣ የደም ውጤቱን ሳይጠብቁ ይጀምሩት።