ግዙፍ የኮሚክ ጥራዞች፦ ይቁሙ ወይስ ይተኙ? ህትመቱ የቆመውንስ ማሳደድ ያዋጣል?

ጥያቄ | የመደርደሪያው ባለዕዳ (ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። የሱፐርሂሮ ኮሚኮችን በጠንካራ ሽፋን የተጠረዙ ግዙፍ እትሞች መሰብሰብ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። አሁን ሃያ ሦስት ደርሰዋል፤ አብዛኞቹ የአሳታሚው የማርቭል ኦምኒበስ (ብዙ የኮሚክ ቁጥሮች በአንድ ላይ የተጠረዙበት ወፍራም መጽሐፍ)፣ አምስቱ ደግሞ የሌላው አሳታሚ የዲሲ አብሶሉት (ገጹ የተለቀ፣ በካርቶን ማኅደር የሚገባ) እትሞች ናቸው። ባለፈው ሳምንት አቧራ ልጠርግ ከ1200 ገጽ በላይ ያለውን አንዱን ጥራዝ ሳወጣ፣ ገጾቹ በመሃል በኩል ወደ ታች ዘምመው፣ የታችኛው ጠርዛቸው መደርደሪያውን ሲታከክ መክረሙን አየሁ። ከላይ በኩል ደግሞ በገጾቹና በጀርባው መካከል ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቷል። መጽሐፉን ያነበብኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ እጄን ታጥቤ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያሉትን ማቆም ይሻላል ወይስ ማስተኛት? ሁለተኛው ጥያቄዬ የኮሚክ ሠዓሊው ጃክ ከርቢ በ1970 ከማርቭል ወደ ዲሲ ተሻግሮ የሠራውን «ፎርዝ ወርልድ» የተባለ ተከታታይ ኮሚክ ይመለከታል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በአራት ጥራዞች፣ በ2017 ደግሞ ሁሉም በአንድ ላይ ከ1400 ገጽ በላይ ሆኖ ታትሟል። የቀድሞዎቹን አራቱን ፈልጌ ልግዛ ወይስ አንዱ ይበቃኛል?

መልስ 1 | ጠራዡ

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። በጠንካራ ሽፋን የተጠረዘ መጽሐፍ ሽፋኑ ከገጾቹ በ3 ሚሊሜትር ያህል ስለሚበልጥ፣ መጽሐፉ ሲቆም መደርደሪያውን የሚረግጠው ሽፋኑ ብቻ ነው፤ ገጾቹ ግን በአየር ላይ ተንጠልጥለው ክብደታቸውን በሙሉ በጀርባው ጨርቅና ሙጫ ላይ ይጥላሉ። ባለ 300 ገጽ ልብ ወለድ ይህን ዕድሜውን ሙሉ ይችለዋል። አራት ኪሎ የሚመዝን ነገር (ሰፈሩን ማለቴ አይደለም) ግን ቀስ በቀስ ይሸነፋል፤ በተለይ መደርደሪያው ሳይሞላ ቀርቶ መጽሐፉ ወደ ጎን ካዘመመ ጉዳቱ ይፈጥናል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ሽፋኑ ከገጾቹ የሚበልጥበትን ልክ በማስመሪያ ይለኩ፤ ያንኑ ያህል ውፍረት ያለው ካርቶን ከገጾቹ ክምር ትንሽ አጥብበው ይቁረጡና በሁለቱ የሽፋን ገበታዎች መካከል፣ ከገጾቹ ሥር ያስገቡት። ታሪካዊ መጻሕፍት የሚጠበቁባቸው ቤተ መጻሕፍትም በዚሁ ዘዴ ይጠቀማሉ። ማስተኛትም ይቻላል፤ ነገር ግን ከሦስት በላይ አይደራርቡ፤ የታችኛውን ለማንበብ ሲፈልጉ የላይኞቹን በማንሳት ብቻ ማዕዘናቸውን ይጎዳሉ።

በሚገዙበት ጊዜ ደግሞ የጀርባውን ጫፍ ከላይ ይመልከቱ። ገጾቹ በእጥፍ በእጥፍ ሆነው በክር የተሰፉ ከሆነ ትንንሽ ቅስቶች ተደርድረው ይታያሉ፤ በሙጫ ብቻ ከተያያዙ ግን ጫፉ ቀጥ ያለ ነው፤ እንዲህ ያለውም በሁለት ገጽ ላይ የተዘረጋን ሥዕል መሃሉን ይውጠዋል። የእኛ የብራና መጻሕፍት በእንጨት ገበታ መካከል በክር ብቻ ተሰፍተው፣ ጀርባቸው ሙጫ ስለማይቀባ፣ ሲከፈቱ ለጥ ብለው ይዘረጋሉ። ትልልቆቹም በአትሮንስ ላይ እንጂ በጭን ላይ አይነበቡም፤ ለኦምኒበስም ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። የአብሶሉት እትሞችዎን ከነማኅደራቸው ያቁሟቸው፤ የካርቶን ማኅደሩ ከሁለቱም ጎን ደግፎ ይይዛቸዋልና።

መልስ 2 | ቀለም ቀቢ

ሁለቱን ዓይነት እትሞች አንድ ላይ ባንቆጥራቸው ጥሩ ነው። ኦምኒበስ በዋናነት ወፍራም ነው፤ ገጹ ከመደበኛው ኮሚክ የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። አብሶሉት ግን ቁመቱ 32 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ሥዕሉ ራሱ ይተልቃል። ከዚህም የሚያልፍ አለ፦ በ2010 «ዘ ሮኬቲር» የተባለውን ኮሚክ ይዞ የጀመረው የአይዲደብልዩ አሳታሚ የአርቲስት እትም ሠዓሊው የሠራበትን ወረቀት በእውነተኛ መጠኑ ያቀርባል፤ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ስካን የሚደረገው በቀለም ስለሆነ፣ ስህተት የተሸፈነበት ነጭ ቀለም፣ ያልጠፋ እርሳስና በኅዳግ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ሁሉ ይታያል። የአሜሪካ ኮሚክ ሠዓሊዎች ከሚታተመው ገጽ በሚበልጥ ወረቀት ላይ ስለሚሥሉ፣ ለእኔ ትልቅ እትም ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ሲሆን ነው።

ስለ ፎርዝ ወርልድ፦ አራቱ ጥራዞች የታተሙት በማያብለጨልጭ፣ ሻካራ ወረቀት ላይ ነው። ብዙዎች ርካሽ ወረቀት ነው ብለው አጣጥለውት ነበር። እኔ ግን አልስማማም። የዚያ ዘመን ቀለም የተመረጠው ቀለም ለሚመጥ የጋዜጣ ወረቀት ነው፤ ያንኑ ቢጫና ቀይ እንደ መስታወት በሚያብረቀርቅ ነጭ ወረቀት ላይ ሲያትሙት ዓይን ይወጋል። አንዳንድ ጊዜ ይህን ለማረም ቀለሙ እንደ አዲስ ይሠራል፤ በ2011 በወጣው የሠዓሊው ዋልተር ሳይመንሰን «ቶር» ኦምኒበስ ላይ ቀለም ቀቢው ስቲቭ ኦሊፍ ይህንኑ አድርጓል፤ የቀድሞውን ቀለም የሚናፍቁ አንባቢዎች ግን ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ ብሆን አራቱን እገዛለሁ፤ አልጋ ላይ ሊነበቡ መቻላቸው ብቻውን ይበቃኛል።

መልስ 3 | የተቃጠለ ገዢ

ይግዙ፤ ግን አይቸኩሉ። ህትመቱ የቆመ አንድ ኦምኒበስ በ280 ዶላር ገዝቼ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ዳግም ህትመቱ በ125 ዶላር ወጣ፤ የእኔም ዋጋ በአንድ ሌሊት ከግማሽ በታች ወረደ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ያ የወርቁ መጽሐፍ» ትለዋለች።

መልስ 4 | ከአዲስ አበባ

እኔ ያሉኝ ስምንት ናቸው፤ ሁሉም በዘመድ ሻንጣ የመጡ። አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ከሆነ አምስት ኦምኒበስ ሞላው ማለት ነው፤ ስለዚህ የሚያመጣልኝን ሰው በዓመት ከአንድ በላይ አላስቸግርም። ጠራዡ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ በክረምት ከውጭ ግድግዳ ጋር አያስጠጓቸው። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ውኃ ከነካው በኋላ ሲደርቅ ገጾቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ለማላቀቅ ሲሞከርም ሥዕሉ ይላጣል። ከጣሪያ ጠብ ባለ ውኃ ሠላሳ ገጽ ያህል አጥቻለሁ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ለካሁት፤ ልዩነቱ 4 ሚሊሜትር ነው። የጫማ ካርቶን ሁለት ድርብ አድርጌ ከሥሩ ሳስገባ፣ ከላይ የነበረው ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ባይዘጋም ጠበበ። ለቀሩትም እየቆረጥኩ ነው። የፎርዝ ወርልድን አራቱን ጥራዞች እፈልጋለሁ፤ ዋጋቸው ከአዲሱ እጥፍ ካለፈ ግን እተዋቸዋለሁ።