ወንድሜን ሆዱን ወግቶት ክሱ «ከባድ የአካል ጉዳት» ሆነ፤ ለምን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ሆዱን ሁለቴ በጩቤ ተወግቶ ለጥቂት ነው የተረፈው። ዐቃቤ ሕጉ ወጊውን የከሰሰው ግን በከባድ የአካል ጉዳት ነው። እኔ እኅቱ ይሄ የመግደል ሙከራ ነው ባይ ነኝ። ስላልሞተ ነው እንዲህ የሚቀለው? ሌሊት ሲባንን ስሰማው አንጀቴ ይላወሳል።

መልስ 1፦ እግዜር ይማረው እኅቴ። በብዙ አገር ሕግ ሁለቱን ወንጀሎች የሚለያቸው የቁስሉ ክብደት አይደለም፤ የወጊው ሐሳብ ነው። ተኩሶ የሳተ ሰው አንዲት ጠብታ ደም ሳይፈስ በመግደል ሙከራ ሊከሰስ ይችላል። ክፉኛ ያቆሰለ ደግሞ «መግደል አላሰበም» ሊባል ይችላል። ሐሳብ የሚታወቀው ከአድራጎት ነው። ጩቤውን ይዞ መጣ ወይስ እዚያው አነሳው? ወንድምሽ ከወደቀ በኋላ ደገመው? በራሱ ተወ ወይስ ሰው ያዘው? አስቀድሞ ዝቶ ነበር?

መልስ 2፦ ሕጉ ገብቶኛል፤ ግን ሕሊናዬ አይቀበለውም። ልጁን ያተረፈው የሐኪም እጅ ነው እንጂ የወጊው ርኅራኄ አይደለም። ልጁ ቢሞትም ቢተርፍም የወጊው ልብ ያው አንድ ነው። ሕጎችም እዚህ ላይ ይለያያሉ፤ አንዳንዱ ለሙከራ እንደ ፍጻሜው እኩል ያስቀጣል፣ ሌላው ይቀንሳል።

መልስ 3፦ የክሱ ስም ላይ ብቻ አትቁሚ። በ1884 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የታየ የታወቀ ጉዳይ አለ። መርከባቸው ሰጥማ በጀልባ የቀሩ መርከበኞች ረሃብ ሲጸናባቸው አብሯቸው የነበረውን የ17 ዓመት ልጅ ገድለው በሉ። ፍርድ ቤቱ ግድያ ነው ብሎ ሞት ፈረደባቸው። ቅጣቱ ግን ወደ 6 ወር እስራት ወረደ። ስሙና ቅጣቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በአካል ጉዳት ክስም ቢሆን ማክበጃ ምክንያት ከተረጋገጠ ቅጣቱ ይጠነክራል። የሕክምና ማስረጃው ሙሉ ይሁን፤ የተወጋበትን ሸሚዝም እንዳታጥቡት።

ጠያቂዋ፦ ሸሚዙ ፖሊስ ጋ ነው። ወንድሜ ከመወጋቱ ከሳምንት በፊት ወጊው የላከለት የድምፅ መልእክት ግን አለ፤ «አልለቅህም፣ እደፋሃለሁ» ይላል። የንዴት ወሬ መስሎን ለማንም አልሰጠነውም።

መልስ 1፦ ዛሬውኑ ስጡ! ቅጂውን ብቻ ሳይሆን ስልኩን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ መልእክቱም ከስልኩ እንዳይጠፋ። ክሱ እንዲሻሻል ለዐቃቤ ሕጉ በጽሑፍ አመልክቱ። ምስክር ከተሰማ በኋላ ማሻሻል ሊከብድ ስለሚችል ቀጠሮውን አትጠብቁ።